ዶሮቲያ ዲክስና የአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ

በክፍል ውስጥ ስለ አእምሮ ጤና አገልግሎት ስንማር የዶሮቲያ ዲክስ ስም ብልጭ ብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ታሪኳን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝምና ለመጽሔታችን አንባብያን በጥቂቱ ላካፍላችሁ።

ዶሮቲያ እ.ኤ.አ. በ1802 በአሜሪካ ሜይን ተወለደች። በ12 ዓመቷ ቦስተን ወደሚገኙት አያቷ ሄደች፤ በ14 ዓመቷ ደግሞ በዉስተር ከተማ አስተማሪ ሆነች፤ ራሷ ገና ልጅ ሆና ማለት ነው! በ1836 ግን የሳንባ ሕመሟና የመንፈስ ጭንቀቷ አንድ ላይ ሆነው ጣሏት። እንግሊዝ ሄዳ ሊቨርፑል ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ስታገግም ከረመች። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ነገር በአንድ መስመር ይጨርሱታል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሁለት ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲደራረብ ምን እንደሚመስል በራሷ ላይ አይታዋለችና።

በ1841 በምሥራቅ ካምብሪጅ እስር ቤት ሴት እስረኞችን መጽሐፍ ቅዱስ ልታስተምር ገባች። እዚያም ምንም ወንጀል የሌለባቸው የአእምሮ ሕሙማን በክረምት ያለ እሳት ተዘግቶባቸው አገኘች። ብትጠይቅ፣ እብድ ሰው ብርድ እንደማይሰማው ነገሯት። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ እሳት አስገባችላቸው።

እዚያ ላይ አላቆመችም። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የማሳቹሴትስን እስር ቤቶችና የድሆች መጠለያዎች ስትዞር ከረመች፤ ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደታሰረ እየመዘገበች። ሕመምተኛው፣ ድሃው፣ ሰካራሙና ወንጀለኛው በአንድ ጣሪያ ስር ታጉረው ነበር። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚያስፈልገው የሚጠይቅ አልነበረም። ይሄ እንግዲህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ መጠጥም የአእምሮ ሕመምም ያለበትን ሰው መጀመሪያ መጠጡን አቁሞ እንዲመጣ ነግረው ሲመልሱት አይቻለሁ። የት ሄዶ ነው የሚያቆመው?

በ1843 ጽሑፏ ለግዛቱ ምክር ቤት ቀረበ። ሴት ምክር ቤት ፊት ቆማ መናገሯ ስላልተለመደ ያቀረበላት ሳሙኤል ሃው ነው። የዉስተር ሆስፒታል እንዲሰፋ ተወሰነ። ከዚያ በየግዛቱ እየዞረች ያንኑ ሠራች፤ በ1848 በኒው ጀርዚ የትሬንተን ሆስፒታል ሥራውን ጀመረ።

ትልቁ ሙከራዋ ግን ከሸፈ። ከ12 ሚሊዮን ኤከር በላይ የመንግሥት መሬት ለሕሙማን እንክብካቤ እንዲውል የጠየቀችበትን ሕግ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጽድቀውት ሳለ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ በ1854 ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ ድሆችን መርዳት የግዛቶች እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ አይደለም የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት የከፋው ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ ሆስፒታል መሥራት አንድ ነገር ነው፣ በየዓመቱ በጀት ማግኘት ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ኋላ ላይ ከአቅማቸው በላይ ተጨናነቁ።

እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። በባርነት ጉዳይ ላይ ዝም ማለቷን ልቤ አልተቀበለውም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የሠራዊቱ ነርሶች ኃላፊ ሆና ስትሠራም ከሐኪሞቹ ጋር አልተስማማችም።

በ1881 ደክሟት ትሬንተን ሆስፒታል ገባች፤ አንድ ክፍል ሰጧት። እዚያው በ1887 አረፈች።