የተራራው ሕዝብ እናት

ልዕልት ስሪናጋሪንድራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ተወለዱ። አገራቸው ታይላንድ ያን ጊዜ ሲያም ትባል ነበር። አባታቸው ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ እንጂ ከመኳንንት ወገን አልነበሩም። አባትና እናታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ልጅቱም የአስታማሚነት ሥራ ተማሩ፤ በ1917 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያም የንጉሥ ቹላሎንግኮርንን ልጅ ልዑል ማሂዶልን አግኝተው በ1920 ዓ.ም. ተጋቡ። ልዑሉ በ1929 ዓ.ም. ስለ ሞቱ እናቲቱ ሦስት ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ፤ ሁለቱም ወንዶች ልጆች በተራ ነገሡ።

በ1969 ዓ.ም. ልዕልቲቱ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሐኪሞችን ማኅበር አቋቁመው ሕመምተኞችን ለመርዳት ወደ ሩቅ መንደሮች ይሄዱ ጀመር። መንገድ በሌለበት በሄሊኮፕተር ይወርዱ ነበርና የተራራው ሰዎች ከሰማይ የመጡ ንጉሣዊት እናት ብለው ጠሯቸው።

በሰሜን ታይላንድ፥ በበርማ ወሰን አጠገብ፥ ዶይ ቱንግ የሚባል ተራራ አለ። በዚያ ላሁ፥ አካና ሌሎችም ሕዝቦች ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ደኑን መንጥረው እያቃጠሉ ሩዝ ይዘሩ ነበር፤ አፈሩ በጥቂት ዓመት ሲደክም ወደ ሌላ ሸንተረር ይሻገራሉ። ሩዙም ስለማይበቃቸው አፍዮን ይዘሩ ነበር። አፍዮን ለሸክም ቀላል ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ነጋዴውም እስከ መንደር መጥቶ ይገዛዋል። ነገር ግን ከገበሬዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው እያጨሱት ጉልበታቸው አለቀ።

ልዕልቲቱ መድኃኒትና ልብስ ማደል ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ። ገበሬ አፍዮኑን ንቀል ቢባል፥ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ነገር ከሌለው፥ በሚመጣው ዝናም ሰው በማያይበት ስፍራ መልሶ ይዘራዋል።

ስለዚህ በ1988 ዓ.ም. በዶይ ቱንግ ሥራ ተጀመረ። ያን ጊዜ ልዕልቲቱ ሰማንያ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ችግኝ የሚተክል ሰው ጥላውን ለራሱ አያስብም። የመንደሩ ሰዎች ዛፍ እየተከሉ የቀን ደመወዝ ተቀበሉ፤ ተክሉ እስኪያፈራ ቤተ ሰባቸው በዚህ ኖረ። የተተከለውም የደን ዛፍ፥ ማካዳሚያ የሚባል ለውዝና ቡና ነበረ። ቡናውም ጥንት ከኢትዮጵያ ደን የወጣው ዓይነት ነው። ኋላም ገበሬዎቹ የቡናውን ዛፍ በየግላቸው ይዘው ፍሬውን ይሸጡ ጀመር፤ የራሱን ዛፍ የሚኰተኵትና የሌላውን የሚኰተኵት እኩል አይተጉምና። ሴቶችም ጨርቅ እየሠሩ ለሽያጭ አቀረቡ። በአፍዮን የተያዙት ሰዎች አንድ ሺህ ቀን በሚፈጅ ሕክምና እየተረዱ ሥራ ተማሩ።

ልዕልቲቱ በተራራው ላይ ቤት ሲሠሩ ግድግዳው ከውስጥ በአሮጌ የዕቃ ሣጥን ሣንቃ ተለበጠ። በ1995 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ቡናው ግን በተራራው ስም እየተቆላ እስከ ዛሬ ይሸጣል።