የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሕልፈትና ያልተካሄደው የአስከሬን ምርመራ

ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በዘመናቸው፣ በ1940 ዓ.ም. ነው። ይሁንና በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሀብ፣ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ ጭምር፣ እህልና ሕክምና በወቅቱ ቢደርስላቸው ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ዜጎች አለቁ። ብዙዎቹን የቀጠፈው በተራበ ገላ ላይ የተነሣ ተቅማጥና ኩፍኝን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሐኪም ሳያያቸው ተቀበሩ።

የሞት ምክንያት ሳይጣራ መቀበር ግን የድኻ ዕጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት ንጉሠ ነገሥት በእስር ላይ ሳሉ የፕሮስቴት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ነሐሴ 21 ቀን በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥት ሕልፈታቸውን ከዚሁ ሕክምና ጋር አያያዘው፤ ከሐኪሞቻቸው አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስ ግን ቀዶ ሕክምናው ያስከተለው ችግር እንዳልነበረ ገለጹ። ከዓመታት በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ታንቀው መገደላቸውን በክሱ አሰፈረ።

በልዩ ልዩ ሀገራት የተካሄዱ የአስከሬን ምርመራ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ዕድሜያቸው 80 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወንዶች ከግማሽ በሚበልጡት ዕጢ ውስጥ፣ በሌላ ምክንያት ሞተው እንኳ፣ በሕይወት ሳሉ ያልታወቀ ካንሰር ይገኛል። ስለዚህ የዕጢ ሕመም መኖር ብቻውን ሞትን አያስረዳም። የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን ቢመረመር ኖሮ አንገትም፣ ልብም፣ ዕጢም በታዩ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው ዐፅም ብቻ ነው፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።