ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ከባርነት ወደ መምህርነት

ከአገርና ከወገን ርቆ መማር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ የምናቀርብላችሁም ለዚህ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ነፃ ወጥተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱ ዓላማ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር ብቻ ሳይሆን፣ ተመልሰው ወገናቸውን እንዲያስተምሩ ማብቃትም ነበር።

ኦነሲሞስ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ ሞክረው መንገዱ ባይሳካላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጁ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ።

በ1904 ነቀምቴ ገብተው ልጆችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማስተማር ጀመሩ። ተቃዋሚዎች ከሰሷቸው፤ እንዳይሰብኩም ተከለከሉ። እርሳቸው ግን በ1931 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሥራቸውን አልተዉም።

ልጆች! በስደት የተማሩት ፊደል ለወገን ተረፈ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ በቤት የሚናገረውን ቋንቋ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ማታ ማታ ጥቂት ጊዜ ስጡት።