ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስና በመሳፍንት ዘመን ያልተበተነችው መንጋ

በሐምሌ ወር መጨረሻ ገደማ የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ መታሰቢያ በቤተ ክርስቲያናችን ይከበራል። ሥዕሉም በብዙ ሰበካዎች ተሰቅሎ ይታያል። በሥዕሉ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ቆሞ ነው የምናየው፤ በሕይወቱ ሳለ ግን በአገራችን በኖረባቸው ሃያ ዓመታት ብቻውን የሆነበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ታሪኩን ስንማር ዓይናችን በእርሱ ላይ ብቻ ያርፍ ስለ ነበር፣ ከእርሱ ጋር የታሰሩትን፣ የሸሸጉትንና በመጨረሻም ተሸክመው የቀበሩትን ምእመናን ብዙም አላስተዋልናቸውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቅዱሱን ሕይወት ከእነርሱ ሕይወት ሳንለይ ለማውሳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩስጢኖስ ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ጣልያን ሳን ፈለ በምትባል ተራራማ መንደር ተወለደ። ለወላጆቹ ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ነበረ። ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ከተማ ከተዛወረ በኋላ በ1818 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ጳውሎስ ወደ መሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ገባ፤ በ1824ም ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ። በ1836 እና በ1837 ናፖሊን የኮሌራ ወረርሽኝ በመታት ጊዜ ሕሙማንን እየተመላለሰ ያስታምም ነበር። ባለ ጸጎች ከተማዋን ለቀው ሲሸሹ ከድኾች ጋር መቅረትን የተማረው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በጥቅምት ወር 1839 ዓድዋ በደረሰ ጊዜ ያገኛት ኢትዮጵያ በጭንቅ ላይ ነበረች። ዘመነ መሳፍንት ከተጀመረ ሰባ ዓመት ሆኖታል። በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣን አልነበረውም፤ ትግራይንና ሰሜንን ደጃዝማች ውቤ፣ በጌምድርን ራስ ዓሊ ይገዙ ነበር። ጦር በተነሣ ቁጥር ወታደሩን የሚቀልበው ገበሬው ነው። ቤተ ክርስቲያንም በጸጋ፣ በቅባትና በካራ ክርክር ተከፋፍላ ነበር፤ በዚያም ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ጳጳስ አልነበራትም። ከሩቅ የመጣ ሰባኪ በጥርጣሬ ዓይን ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ቅዱሱ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት እንኳ ደጃዝማች ውቤ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያንን ከዓድዋ አስወጥተው ነበር።

ዩስጢኖስ ሥራውን በክርክር አልጀመረም። ግእዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን አጠና፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሰ፤ የአገሩን ጾም ጾመ፤ የቀረበለትን በላ። በ1840 መጀመሪያ ጥቂት ሰዎችን በቤቱ ሰብስቦ በመጀመሪያ የተናገራቸው ለእነርሱ ካለው ፍቅር የተነሣ አገሩንና ቤተ ሰቡን ትቶ እንደመጣና ከእንግዲህ ሕይወቱ የእነርሱ እንደሆነች ነበር። ሕዝቡ ያዕቆብ ብሎ ጠራው፤ ኋላም ስሙ አቡነ ያዕቆብ ሆኖ ቀረ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞችን ሲልኩ አብሮአቸው እንዲሄድ ለመኑት። ነገሩ አስቸጋሪ ነበር፤ የካቶሊክ ካህን ከእስክንድርያ ጳጳስ ለሚያመጡ ሰዎች መሪ ሆኖ ሊሄድ ነው። መልእክተኞቹ ወደ ሮምም እንዲሄዱ ተስማምቶ ተቀበለ። በካይሮ ገና ወጣት የነበሩት አቡነ ሰላማ ተሾሙ። ከመልእክተኞቹ ከሃያ የሚበልጡት ከዩስጢኖስ ጋር ወደ ሮም ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል በጎጃም በመርጡለ ማርያም የመነኮሰ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ እውነትን በመጻሕፍት ሲፈልግ የኖረ ገብረ ሚካኤል የተባለ ሊቅ ነበር። በመንገድ ላይ የተጀመረው ወዳጅነት እስከ ሞት ደረሰ። ገብረ ሚካኤል በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ።

ለካቴኪስቶች በተለይ ማስታወስ የምንወደው በዓዲግራት አጠገብ በጓላ የተቋቋመውን ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ጢማቸው የሸበተ መነኮሳትና ደብተሮችም አብረው ይማሩ ነበር። ጸሎቱ በግእዝ፣ ቅዳሴውም በአገሩ ሥርዓት ነበር። ዩስጢኖስ የሮምን ሥርዓት በሕዝቡ ላይ ሊጭን ከቶ አልወደደም። በእርሱ ዘመን ይህ ለብዙ አውሮፓውያን እንግዳ ሐሳብ ነበር። ገብረ ሚካኤልም ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ የትምህርተ ክርስቶስንና የሥነ ምግባርን መጻሕፍት ለተማሪዎች በሚገባ ቋንቋ ያዘጋጅ ነበር። አንዱ የአውሮፓን ትምህርት፣ ሌላው የግእዝን ሊቅነት ይዞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገናኘታቸው ኋላ መከራ በመጣ ጊዜ ማኅበሩ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርጎታል።

መከራውም አልዘገየም። አቡነ ሰላማ አወገዙ፤ ጓላ ተዘረፈች፤ ማኅበሩም ወደ ኢሮብ ተራሮች፣ ወደ ዓሊቴና ሸሸ። አቡነ ማስያስ በ1849 በጥር ወር ለዩስጢኖስ ማዕርገ ጵጵስናን የሰጡት በምጽዋ፣ በሌሊት፣ በስውር ነው። አዲሱ ጳጳስ ግን መንበርም ቤተ መንግሥትም አልነበረውም፤ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይዞር ነበር። ያስጠጋው ቤት ሁሉ ንብረቱን ለአደጋ ይሰጥ ነበር፤ ሆኖም የሚያስጠጋው ቤት አልጠፋም። በ1851 መጀመሪያ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ቀባው፤ ያን ጊዜ ገብረ ሚካኤል ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነበር።

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ከነሡ በኋላ የአገሩ ነገር ተለወጠ። ካሣ የተበተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ያስቡ ስለ ነበር የቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አቡነ ሰላማም ድጋፋቸውን ሲሰጡ ካቶሊኮች ከአገር እንዲወጡ ጠየቁ። በሐምሌ 1854 ዩስጢኖስ፣ ገብረ ሚካኤልና ሌሎችም በጎንደር ታሰሩ። ጳጳሱን ከልጆቹ ለይተው አኖሩት። ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቹ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ይደበደቡ ነበር። በእስር ቤቶቹ መካከል ግን መልእክት እየተላላኩ ይጽናኑ ነበር።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ለቅዱሱ ከድብደባ የከበደ ነገር መጣ። የውጭ አገር ሰው ስለ ሆነ ሊገድሉት አልወደዱም፤ በወታደር አስጠብቀው ወደ ሱዳን ድንበር ሰደዱት። እረኛው ነጻ ወጣ፤ በጎቹ በሰንሰለት ቀሩ። ከእነርሱ ጋር መሞትን ይመኝ ለነበረ ሰው ይህ ምን ያህል መራራ እንደሆነ አንባቢ ይገምት። ወደ ጣልያን መመለስ ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን በብዙ ድካም ዞሮ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ ሐላይ ተመልሶ የተረፉትን ሰበሰበ።

በየካቲት 1855 ካሣ በደረስጌ ማርያም ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ግንቦት 31 ቀን ገብረ ሚካኤል በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ በእምነቱ ስለ ጸና ሞት ተፈረደበት። በዚያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለለመነለት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሽማግሌው በሰንሰለት ታስሮ ሠራዊቱን እየተከተለ ተጓዘ፤ ነሐሴ 28 ቀን በወሎ ምድር በመንገድ ላይ ዐረፈ። የቀበሩት ጠባቂዎቹ ናቸው። የለመነለት ፕሮቴስታንት፣ የቀበሩት ኦርቶዶክሳውያን መሆናቸውን መዘንጋት አይገባንም። ይህን ታሪክ ወንድሞቻችንን ለመውቀሻ የሚጠቀምበት ካለ ተሳስቷል። አቡነ ሰላማ ራሳቸው በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣልተው በ1867 በመቅደላ እስረኛ ሆነው ዐርፈዋል።

የቅዱሱ የመጨረሻ ዓመታት በሐላይና በምጽዋ መካከል አለፉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። በሰሜን ንጉሤ የተባለ መስፍን በቴዎድሮስ ላይ ተነሥቶ የፈረንሳይን እርዳታ ሲፈልግ ካቶሊኮች ተስፋቸውን በእርሱ ላይ ጣሉ፤ ወደ ፓሪስና ወደ ሮም ከላካቸው መልእክተኞች አንዱ የካቶሊክ ካህን ነበረ። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሿን መንጋ በመሳፍንት ጠብ ውስጥ ያስገባ ስሕተት ነበር። ዋጋውንም የከፈለው ዩስጢኖስ ነው። የፈረንሳዩ መልእክተኛ ኮንት ሩሰል ሐላይ በተከበበ ጊዜ ቅዱሱ ዋስ ሆኖ ቀረ፤ መልእክተኛው በሌሊት ወደ ምጽዋ አመለጠ፤ ዩስጢኖስ ታሰረ። በ1860 ከእስር በወጣ ጊዜ ጤናው ፈጽሞ ተሰብሮ ነበር።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የምጽዋን ሙቀት መቋቋም ስላልቻለ ከመነኮሳቱና ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ሐላይ ደጋ ጉዞ ጀመረ። ትኩሳቱ እየጠና ሄዶ በዓሊገደ ሸለቆ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለም። ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ፤ ልጆቹ በዙሪያው ተቀመጡ። ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀብሎ፣ ባርኮአቸውና ይቅርታ ጠይቆአቸው ሐምሌ 31 ቀን ዐረፈ። እነርሱም አስከሬኑን ተሸክመው ተራራውን ወጥተው በሄቦ ቀበሩት። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ፣ ኋላ ያየውንና የሰማውን ጽፎ አቆየልን።

ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተባለ። ዩስጢኖስም በ1939 ብፁዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ደግሞ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። ያም ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ ገና አንድ ዓመት ያለፈበት፣ ሐላይና ሄቦ ያሉበት ምድርም በጦርነት ውስጥ የነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሄቦ በኤርትራ፣ ዓሊቴና በኢትዮጵያ ይገኛሉ። ከ1998 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በመካከላቸው ያለው ድንበር ተዘግቶ ስለ ነበር የዓሊቴና ምእመናን አያቶቻቸው በእግራቸው እየተጓዙ ይሳለሙት ወደ ነበረው መቃብር መሄድ ሳይችሉ በዓሉን በየሰበካቸው ያከብሩ ነበር።