ፍራንክ ዎሬል፦ የሦስቱ ደብልዩዎች ታላቅ

በግቢያችን የስፖርት ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት ስሞች የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስሞች ናቸው። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን የክሪኬት መቺ ነው። ፍራንክ ዎሬል ይባላል። ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም በካሪቢያን ደሴቶች፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራልያና በህንድ ስሙ እስካሁን በክብር ይነሣል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ክሪኬት ደግሞ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ገና የተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ ሲባል እንግዳ አይሆንበትም፤ አጨዋወቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በጠፍጣፋ ዱላው ይከላከላል። ኳሷን አርቆ ከመታ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ ለእያንዳንዱ ሩጫ አንድ ነጥብ ያገኛል። ኳሷ እንጨቶቹን ካገኘች ወይም መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይወጣል። የአገር ለአገር ግጥሚያ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አዎ፣ አምስት ቀን! ያን ሁሉ ቀን ተለፍቶ አሸናፊ ሳይለይ መቅረትም አለ።

ዎሬል ኦገስት 1 ቀን 1924 ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በባርቤዶስ ደሴት፣ ባንክ ሆል በተባለ ሰፈር ተወለደ። እሱ በተወለደ በ18 ወር ጊዜ ውስጥ በዚያው አካባቢ ኤቨርተን ዊክስና ክላይድ ዎልኮት ተወለዱ። የሦስቱም የቤተሰብ ስም በእንግሊዝኛው ፊደል በደብልዩ ስለሚጀምር በኋላ ዓለም ሦስቱ ደብልዩዎች ብሎ ጠራቸው። የዎሬል ወላጆች ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩ ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው።

በኮምበርሜር ትምህርት ቤት ሳለ የደረሰበትን እኛ መምህርነትን የመረጥን ሰዎች ልብ ብንለው መልካም ነው። ዴሬክ ሲሊ የተባለ፣ ራሱ ለዌስት ኢንዲስ የተጫወተ መምህር ነበረው። ይህ ዕድል ነው። ነገር ግን ብላቴናው ትዕቢተኛ ነው የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ በደሴቱ ሁሉ ተከተለው። ያ ነገር በልቡ ምን ያህል እንደቆየ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ራሱ ገልጿል። አንድ ቃል ስንት ዓመት ሰውን ስትከተል አያችሁ? በ1947 ባርቤዶስን ትቶ ጃማይካ ገባ።

በመጀመሪያ የታወቀው በግራ እጁ ወርዋሪ ሆኖ ነበር፤ ሲመታ ግን ቀኝ ነው። በ1944 ከጆን ጎዳርድ ጋር ሳይወጡ 502 ነጥብ አስቆጠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዎልኮት ጋር ደግሞ 574። በ1948 ለዌስት ኢንዲስ መሰለፍ ጀመረ። በ1950 እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ላይ ብቻውን 261 ነጥብ መታ፤ ቡድኑም እንግሊዝን በገዛ አገሯ 3 ለ1 ረታ። በጠቅላላው በ51 የአገር ለአገር ግጥሚያዎች 3,860 ነጥብ አለው። የሲሣይ ሠንጠረዥ ለሚወድ ይኸው፤ እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላው ነው።

ሰውዬው በእንግሊዝ አገር ራድክሊፍ በምትባል ከተማ ክለብ እየተጫወተ እንጀራውን ያገኝ ነበር፤ ጎን ለጎን በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማረ። ትዳር ይዞ፣ ስም አውጥቶ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ደብተር መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። ለትምህርቱ ሲል በ1958 ወደ ህንድና ፓኪስታን የተደረገው የቡድኑ ጉዞ ቀረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዌስት ኢንዲስ ቡድን ከብዙ ደሴቶች የተውጣጣ ነው፤ ከተጫዋቾቹ የበዙት ጥቁሮች ናቸው። ጆርጅ ሄድሊ በ1948 አንዲት ግጥሚያ ከመምራቱ በቀር አምበልነቱ ለጥቁር አይሰጥም ነበር። ጥቁሩ ይምታ፣ ይወርውር፤ ማዘዙ ግን ለሌላ ነው። በ1960 ትሪኒዳዳዊው ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ኔሽን በተባለው ጋዜጣ ዎሬል አምበል ይሁን እያለ አጥብቆ ተከራከረ። በመጨረሻ ተሾመ። የመጀመሪያው የሙሉ ጉዞ ጥቁር አምበል ሲሆን ዕድሜው 36 ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢወድቅ ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ጉዞው ወደ አውስትራልያ ነበር። በዲሴምበር 1960 በብሪዝበን ከተማ የመጀመሪያው ግጥሚያ አምስተኛ ቀን ላይ ደረሰ። ስምንት ውርወራ ብቻ ቀርቷል። አውስትራልያ ለማሸነፍ 6 ነጥብ ያስፈልጋታል፤ ሦስት ሰው ከወጣባት ደግሞ ጨዋታው ያበቃል። ወርዋሪው ዌስ ሆል ነው። ዎሬል ወደ ፊት የሚነጥር ኳስ እንዳይወረውር አስጠነቀቀው፤ እሱ እቴ! ወረወረ። ይሁን እንጂ የአውስትራልያው አምበል ቤኖ በዚያችው ኳስ ወጣ። ሆል ፈንጥዞ ሲዞር የጠበቀው ምስጋና ሳይሆን የአምበሉ ቁጣ ነበር። ቀጥሎ ሆል ሌላው ሊቀልባት የተዘጋጀውን ኳስ ልቅለብ ብሎ ሮጦ ጣላት። ነጥቡ እኩል በሆነ ጊዜ ዎሬል ተጠግቶ፣ መስመር አልፎ ከወረወረ ባርቤዶስ መመለስ እንደማይችል ነገረው። በሰባተኛው ውርወራ ጆ ሰለሞን ከጎን በኩል አነጣጥሮ እንጨቱን መታ፤ የመጨረሻው ሰው ወጣ። ሁለቱም 737! በክሪኬት የአገር ለአገር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሜዳው ላይ ከነበሩት ማን እንዳሸነፈ ያልገባቸው ነበሩ።

ዌስት ኢንዲስ ያን ዙር በመጨረሻ 2 ለ1 ተሸነፈች። ታዲያ ተሸናፊ እንዴት እንደሚሸኝ ስሙ። በሜልበርን በአንድ ቀን ብቻ 90,800 ተመልካች ገብቶ ነበር፤ ሲሰናበቱም ሕዝቡ በየጎዳናው ወጥቶ በክፍት መኪና እያጨበጨበ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አገሮች የሚፎካከሩበት ዋንጫ የፍራንክ ዎሬል ዋንጫ ይባላል።

በማርች 1962 የህንድ ቡድን ባርቤዶስ ሄዶ ሳለ አምበሉ ናሪ ኮንትራክተር ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ለሞት አፋፍ ደረሰ። ደም ሲፈለግ ከለገሱት አንዱ የተቃራኒው ቡድን አምበል ዎሬል ነው። ኮንትራክተር ተረፈ። በህንድ ቤንጋል ክፍለ ሀገር በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በዎሬል ስም ደም ይለገሳል።

በዚያው በ1962 ደሴቶቹ ከአራት ዓመት በፊት ያቋቋሙት ፌዴሬሽን ፈረሰ። ፖለቲከኞቹ ተለያዩ፤ የዎሬል ቡድን ግን አንድ ሆኖ ቀረ። በ1963 እንግሊዝን 3 ለ1 ካሸነፈ በኋላ መጫወቱን አቆመ፤ በሚከተለው ዓመት ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የአርቪን ሆል የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ የጃማይካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልም ነበር። ባርቤዶስ በ1966 ነጻ ስትወጣ ብቻዋን ከዓለም ምርጥ ቡድን ጋር ለመጋጠም ማሰቧን በግልጽ ነቀፈ። ለምን ብትሉ፣ ደሴቶቹ እንደገና በየፊናቸው መሄዳቸው ስላልጣመው ነው። የትውልድ አገሩ ሰዎች ክፉኛ ተቆጡበት።

ብዙም አልቆየ። የደም ካንሰር ይዞት ማርች 13 ቀን 1967 በ42 ዓመቱ ኪንግስተን ላይ ዐረፈ። በለንደን ዌስትሚንስተር አቢይ የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገለት፤ ለስፖርተኛ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በባርቤዶስ የአምስት ዶላር ኖት ላይ ያለው ምስል የዚያ ትዕቢተኛ የተባለው ልጅ ነው። መቃብሩም በዚያችው ደሴት፣ ኬቭ ሂል በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የክሪኬት ሜዳውን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ ነው። ዎልኮት በ2006፣ ዊክስ በ2020 ሲያርፉ እዚያው አጠገቡ ተቀበሩ።