ስማቸውን በፍርድ ቤት ያስመለሱት የፈረስ አሰልጣኝ

በእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም ስፖርት ሴቶች በአሰልጣኝነት በይፋ እንዲሠሩ በር ከከፈቱት መካከል ወይዘሮ ፍሎረንስ ናግል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ወይዘሮ ናግል እ.ኤ.አ. በ1894 ከባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእንስሳት ልዩ ፍቅር የነበራቸው ሲሆን፣ በኋላም የአይሪሽ ዎልፍሃውንድ ውሾችን በማርባት ዝናን አትርፈዋል። ከዚሁ ጎን ለጎን የእሽቅድምድም ፈረሶችን እየገዙ ማሰልጠን ያዙ።

ይሁን እንጂ ስፖርቱን በበላይነት ይመራ የነበረው ጆኪ ክለብ በዚያን ዘመን ለሴት የአሰልጣኝነት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ሴት የፈረስ ባለቤት መሆን ትችላለች፤ አሰልጣኝ ተብላ መመዝገብ ግን አትችልም። ፈቃድ የሌለው ሰው ያሰለጠነው ፈረስ ደግሞ በክለቡ ደንብ በሚካሄድ ውድድር አይሳተፍም። በመሆኑም ወይዘሮ ናግል ፈቃዱ በጋጣቸው ዋና ባልደራስ ስም እንዲወጣ ለማድረግ ተገደዱ። ሥራው የእርሳቸው፣ ስሙ ግን የቅጥር ሠራተኛቸው ሆነ። ይህን ክለቡም ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1937 በኤፕሰም በተካሄደው የደርቢ ውድድር፣ ያሸንፋል ተብሎ ፈጽሞ ያልተገመተው ሳንድስፕራይት የተሰኘው ፈረሳቸው ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዕለት አንደኛ የወጣው ሚድ ደይ ሰን ባለቤቱ ሴት ነበሩ። በደርቢ ታሪክ ለሴት ባለቤት የመጀመሪያው ድል ይኸው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወይዘሮ ናግል ፈቃዱ በራሳቸው ስም እንዲሰጣቸው በተደጋጋሚ አመለከቱ። ጥያቄያቸው በየጊዜው ውድቅ በመደረጉም ክለቡን በፍርድ ቤት ከሰሱ። የሥር ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ።

ጉዳዩን በይግባኝ የተመለከቱት ሎርድ ዴኒንግና ባልደረቦቻቸው ግን የካቲት 1966 እ.ኤ.አ. ክሱ እንዲሰማ ወሰኑ። አንድን ስፖርት ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረ ተቋም ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ከሙያው ሊያግድ አይገባም የሚለው መከራከሪያ ሊደመጥ የሚገባው መሆኑን አመለከቱ። ክለቡም ክርክሩ ሳይቀጥል በዚያው ዓመት ፈቃዱን ሰጠ። ወይዘሮ ናግል በወቅቱ የ71 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

የውሳኔው ፍሬ ለሌሎችም ተርፏል። እንደ እርሳቸው ለረጅም ዓመታት በሌላ ሰው ስም ሲሠሩ የቆዩት ኖራ ዊልሞት ፈቃድ ባገኙ ማግስት፣ ነሐሴ 3 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. በብራይተን ያሰለጠኑት ፈረስ አሸነፈ። በዚህም በስማቸው አሸናፊ ፈረስ ያስመዘገቡ የመጀመሪያዋ ባለፈቃድ ሴት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1972 በጆኪ ክለብ ደንብ ለሴት ጋላቢዎች ውድድር መዘጋጀት ጀመረ። በ1983 ደግሞ ጄኒ ፒትማን የግራንድ ናሽናልን አሸናፊ ፈረስ ያሰለጠኑ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ።

ወይዘሮ ናግል በዚህ አላበቁም። ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም የነበረውን የውሾች አርቢዎች ክለብ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ተከራክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በሩን ለሴቶች እንዲከፍት አስችለዋል።

ወይዘሮ ፍሎረንስ ናግል እ.ኤ.አ. በ1988 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ፈረስ ማሰልጠንን የተማሩት ከፈቃዱ ብዙ አስቀድመው ነበር፤ ፍርድ ቤት ያስገኘላቸው ለዓመታት የሠሩትን ሥራ በስማቸው የመጥራት መብት ነው።