የዣን ፍራንሷ ሚሌ «ቆፋሪዎች»፦ የገጠር ጉልበት በመዳብ ኅትመት

በ19ኛው መቶ ዘመን የገበሬን ጉልበት የሥዕል ዐቢይ ርእሰ ጉዳይ ካደረጉት አውሮፓውያን መካከል ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በቅብ ሥዕሎቹ ቢሆንም፣ ለሠራተኛው የነበረውን አመለካከት አጉልተው የሚያሳዩት በቁጥር ጥቂት የሆኑት የመዳብ ኅትመቶቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሠዓሊውን ሕይወት ከእነዚህ ሥራዎች አንጻር ይቃኛል፤ የሚያስነሡትንም ጥያቄ ዛሬ ቁፋሮ ከበዛባት ካዛንቺስ ጋር ያገናዝባል።

ሚሌ እ.ኤ.አ. በ1814 በኖርማንዲ፣ ግሩሺ በተባለች የባሕር ዳር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር አርሷል፤ አጭዷል። ሥዕልን በሼርቡር ጀምሮ በ1837 በከተማዋ ድጎማ ወደ ፓሪስ በመሄድ ከፖል ደላሮሽ ዘንድ ተማረ። ለዓመታት የሰዎችን መልክ እየሣለ ከተዳደረ በኋላ፣ ፓሪስ ከአብዮቱ ማግስት በኮሌራ በተመታችበት በ1849 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባርቢዞን መንደር ተዛወረ። ቋሚ መኖሪያውም እርሷ ሆነች።

በ1857 ለሕዝብ የቀረበው «ቃራሚዎች» የተሰኘው ሥዕሉ ከአጨዳ የተረፈውን ዛላ የሚለቅሙ ሦስት ሴቶችን ያሳያል። ቃርሚያ የድኻ ድርሻ መሆኑን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የ1848ቱ አብዮት ትዝታ ያልለቀቃቸው አንዳንድ ሐያስያን ግን በሥዕሉ ውስጥ የአመፅ ጥሪ አዩ። በ1863 በቀረበው «ባለ ዶማው» ላይም ተመሳሳይ ክስ ተነሣ። ሚሌ የሶሻሊስትነትን ስም አልተቀበለም፤ የሣለው ተወልዶ ያደገበትን ኑሮ መሆኑን አጥብቆ ተከራከረ።

በ1855 እና 1856 ገደማ የሠራው «ቆፋሪዎች» 24 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ኅትመት ነው። በዚህ ጥበብ ሰም የተቀባ የመዳብ ሳህን በመርፌ ይጫራል፤ ሰሙ በተገፈፈበት መስመር አሲድ መዳቡን ይበላዋል፤ በተቦረቦረው መስመር ቀለም ተሞልቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይታተማል። ምስሉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ጎንብሰው አፈር ሲቆፍሩ ያሳያል። ክብደቱን የሚሸከሙት ፊቶቻቸው ሳይሆኑ የታጠፉት ጀርባዎቻቸው ናቸው። ቫን ጎግም በ1889 ይህንኑ ምስል በቀለም መልሶ ሠርቶታል።

ከአንድ ሳህን ብዙ ቅጂ ይወጣል፤ ስለዚህ ኅትመት እንደ ቅብ ሥዕል የአንድ ባለጸጋ ግድግዳ ብቻ ንብረት አይሆንም። ሰብሳቢዎች ግን ቅጂዎቹ ብርቅ እንዲሆኑ ጥቂት ከታተመ በኋላ ሳህኑ እንዲጠፋ ይሹ ነበር። ሚሌ ይህን ልማድ እንደ ጭካኔ ቆጥሮ ነቅፎታል።

ሠዓሊው በጥር 1875 በ60 ዓመቱ ባርቢዞን ውስጥ ዐረፈ። ከ14 ዓመት በኋላ «አንጀሉስ» የተሰኘው ሥዕሉ በጨረታ 553,000 ፍራንክ ሲያወጣ፣ ከሽያጩ ለቤተሰቡ የደረሰ ድርሻ አልነበረም። ፈረንሳይ በ1920 ለሠዓልያንና ለወራሾቻቸው ከዳግም ሽያጭ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ስታወጣ፣ የዚህ ሽያጭ ታሪክ ደጋግሞ የሚጠቀስ ማስረጃ ሆኗል።

የሚሌ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ተመራማሪ ሩቅ አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በ150 ካሬ ሜትር ላይ የአህጉሩን ትግል በግዙፍ ተምሳሌት ያሳያል። ከዚያ ብዙም በማትርቀው ካዛንቺስ ደግሞ የቀድሞው ሰፈር ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ አዲስ ግንባታ ተተክቷል። መሠረት የሚቆፍሩት የቀን ሠራተኞች፣ ከገጠር የመጡትን ጨምሮ፣ ግንባታው ሲያልቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳሉ። የተምሳሌቱ ሥዕል አህጉርን ይወክላል፤ ትንሿ ኅትመት ግን አንድን ቆፋሪ ከነድካሙ ትመዘግባለች። የከተማዋን የሥራ ታሪክ የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለውን ምስል ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚይዘውና ከዋጋው ማን እንደሚጠቀም አብሮ ሊጠይቅ ይገባል።